ለአባባ፦ ስለ ሙናር መንገድ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ በክረምቱ ብርድ እንዳይብስብዎ ማታ ማታ በሙቅ ውኃ መያዝዎን አይተዉ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በስልክ «በዝናብ፣ ያውም ሁለት ሆናችሁ፣ በሞተር ሳይክል ተራራ ልትወጡ?» ብለው ዝም ማለትዎ ከልቤ አልወጣም። ዕድሜ ልካቸውን በጅማ መንገድ የጭነት መኪና ለነዱ አባት «አይዞዎት፣ እንጠነቀቃለን» ማለት መልስ አይሆንም። ስለዚህ መንገዱንም ሞተሩንም ዘርዝሬ ጽፌልዎታለሁ። ጉድለት ካዩበት ከመነሳታችን በፊት ይንገሩኝ።

የምንሄደው ሕንድ አገር፣ ኬረላ ውስጥ ወዳለችው የሻይ አገር ሙናር ነው፤ ከፍታዋ ወደ 1,600 ሜትር ይሆናል። ሻዩ ዉሹዉሽ እንዳዩት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ቀጥ ባለው ተዳፋት ላይ ሁሉ ተተክሏል፣ መንገዱም ያንን ተዳፋት እየቆረጠ ያልፋል። ዋናው ስጋትም ከዚሁ ይመጣል፤ እመለስበታለሁ።

ወደ ሙናር ብዙ ሰው የሚወጣው በምዕራብ፣ ከኮቺ በኔሪያማንጋላም በኩል ነው። ክረምት ላይ ይህን መንገድ አልመረጥነውም። ከዓረብ ባሕር የሚመጣው ደመና ተራራውን ሲመታ ውኃውን የሚያራግፈው በዚያ ፊት ላይ ነው። እኛ ከኮይምባቶር ተነስተን በፖላቺ፣ በኡዱማልፔት፣ በቺናርና በማራዩር እንሄዳለን፤ በድምሩ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ነው። ቺናር ከተራራው ጀርባ ስለሆነች ሌላው አገር በዝናብ ሲጥለቀለቅ እሷ እሾሃማ ቁጥቋጦ የሞላባት ደረቅ ቆላ ናት። ከባዱ ዝናብ የሚያገኘን ከማራዩር በኋላ ባሉት የመጨረሻ 40 ኪሎ ሜትሮች ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሳይሆን ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ እንረጥባለን ማለት ነው። በቺናር ጥብቅ ደን ውስጥ ዝሆን መንገድ ላይ ሊቆም ይችላል። ከሩቅ ቆሞ መጠበቅ ነው፤ ክላክስ አይነካም፣ ፎቶ ለማንሳትም አይወረድም። ንጋት 12 ሰዓት ከተነሳን፣ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሳይወርድ ሙናር እንገባለን።

አሁን ወደ ሞተር ሳይክሉ ልምጣ። 350 ሲሲ ነው፣ ክብደቱ ወደ 195 ኪሎ። እኛ ሁለታችን 125፣ ዕቃችን 12 ኪሎ ነን። ብዙ ሰው ለብቻው ሲነዳ ያስተካከለውን ሞተር ሳይክል እንዳለ ሰው ጭኖበት ይወጣል፤ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ከኋላ ሰው ሲቀመጥ የኋላው ሞላ ይረግጣል፣ የፊቱ ጎማ ይቀላል፣ መሪውም ኩርባ ላይ ወደ ውጭ ይስባል። ስለዚህ የኋላውን ሞላ ሁለት ደረጃ እናጠብቃለን። የፊት መብራቱም ወደ ሰማይ ስለሚያይ ዝቅ እናደርገዋለን። በጉም ውስጥ ከፍ ያለ መብራት መልሶ የራስን ዓይን ነው የሚያሳውረው። የሰንሰለቱን ልቅነት የምንለካው ሁለታችንም ተቀምጠን ነው፤ ባዶውን በልኩ የሆነ ሰንሰለት ሰው ሲጫንበት ይወጠርና የማርሽ ሳጥኑን ኩሽኔታ ይበላል።

ስለ ጎማ አንድ የተሳሳተ ምክር አለ፤ «መንገዱ ሲረጥብ ንፋስ ቀንሱ» ይላሉ። አስፋልት ላይ ውጤቱ ተቃራኒ ነው። ንፋሱ ሲጎድል የጎማው ጥርስ ይጨመቅና ውኃውን ማስወጣት ያቅተዋል። እኛ በመመሪያው ላይ ለሁለት ሰው የተጻፈውን ልክ፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ እንሞላለን። የጥርሱ ጥልቀት ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሰ ጎማውን እንቀይራለን። የፍሬን ሸራው ደግሞ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ሞተር ሳይክሉ ለጉዞ አይወጣም፤ ጭቃ የገባበት ሸራ በቁልቁለት ቶሎ ያልቃል።

ዝናብ የሰንሰለቱን ዘይት በአንድ ቀን አጥቦ ይጨርሰዋል። ሆቴል እንደደረስን፣ ሰንሰለቱ ገና ሙቅ ሳለ ሞተሩን አጥፍተን እናቆማለን። አንዳችን የኋላውን ጎማ በእጅ ቀስ አድርገን እናዞራለን፣ ሌላችን 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት በታችኛው ሰንሰለት ውስጠኛ ፊት ላይ ጠብ ጠብ እናደርጋለን፤ ሲዞር ዘይቱ ወደ ውጭ ይሄዳል። ከዚያ በጨርቅ እንጠርጋለን፤ ያልተጠረገው ዘይት ወደ ጎማው ይረጫል። ሞተሩን አስነስቶ ይህን መሥራት ጣት ያስቆርጣል።

በዝናብ መሃል ሞተሩ ከተንተባተበ መጀመሪያ የምናየው የካንዴላውን ቆብ ነው፤ ውኃ ገብቶበት ይሆናል፤ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ መልሶ መግጠም ይበቃል። በሻንጣችን ያለው መለዋወጫ ጥቂት ነው፦ የፍሪሲዮን ገመድ፣ አንድ ካንዴላ፣ ፊውዝ፣ ለፊትም ለኋላም ከመነዳሪ፣ የጎማ መፍቻና ትንሽ መንፊያ። መንገድ አቋርጦ የሚፈስ ውኃ ከጎማው እምብርት በላይ ከሆነ አንገባም። ውኃ ውስጥ ከጠፋ ደግሞ አናስነሳውም፤ ገፍተን እናወጣዋለን። በአየር ማጣሪያው በኩል ውኃ ጠጥቶ ከሆነ ማስነሳቱ ሞተሩን ይሰብረዋል።

በየ50 ኪሎ ሜትሩ እንቀያየራለን፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ስለማይንቀሳቀስ ቶሎ ይበርደዋል፣ የበረደው ሰው ደግሞ ሰውነቱ ይደርቅና ኩርባ ላይ ሞተሩን ያስቸግራል። ከኋላ ያለው ኩርባ ላይ በሚታጠፍበት በኩል የነጂውን ትከሻ አሻግሮ ያያል፣ በጉልበቱ ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ነጂው ላይ እንዳይወድቅ አንድ እጁን ታንኩ ላይ ይደግፋል። ኩርባ መሃል መቀመጫ ማስተካከል የለም። እማማ የላከችልኝ ነጠላ ሻንጣ ውስጥ ነው የሚሄደው፤ የተንጠለጠለ ጨርቅ ሰንሰለትና ጎማ ውስጥ ገብቶ ሰው ይጥላል። የዝናብ ልብሳችንም ሱሪና ጃኬት የሆነው ነው እንጂ እንደ ካባ የሚወረወረው አይደለም።

እርስዎ በቀኝ ነው የነዱት፤ እዚህ መንገዱ በግራ ነው። ወደ ግራ የሚታጠፈው ኩርባ ለእኛ ጠባቡ ነው። አውቶቡስ ሲመጣ አፍንጫው ወደ እኛ መስመር መግባቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ከመታጠፉ በፊት ክላክስ እንነፋለን፣ አውቶቡስ ካለ እሱ ጨርሶ እስኪያልፍ ከኩርባው በፊት እንቆማለን፣ ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ እንገባለን። ጥላ ባለበት ቦታ አስፋልቱ ላይ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ይበቅላል፤ ከጭቃ ይልቅ የሚያንሸራትተው እሱ ነው፣ ከመንገዱ ነጭ የመስመር ቀለም ጋር።

አባባ፣ እርስዎ የፈሩት ጎማው እንዳይንሸራተት ነው። እኔ የምፈራው ኮረብታውን ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ጎፋ ላይ የሆነውን ያስታውሳሉ፤ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡት በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ። ከ8 ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 23፣ እዚሁ ኬረላ ዋያናድ ውስጥ በሻይ እርሻ አገር ሌሊት ናዳ ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። እዚያም ናዳው አንድ ጊዜ ብቻ አልነበረም። ሙናር አጠገብ ፔቲሙዲም ሐምሌ 30 ቀን 2012 የሻይ ሠራተኞች መኖሪያ በሌሊት ተቀብሯል።

ሐምሌን ትተን የነሐሴን መጨረሻ የመረጥነው ለዚህ ነው። የሕንድ ሜትሮሎጂ ሙናር ላለችበት ለኢዱኪ አውራጃ በቀለም ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ብርቱካናማው በ24 ሰዓት ከ115.6 እስከ 204.4 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይጠበቃል ማለት ነው። ብርቱካናማ ወይም ቀይ ከሆነ አንነሳም፤ ሆቴሉም ቀን መቀየር እንደሚፈቅድ ጠይቀናል። ማረፊያችንን የመረጥነው ከተዳፋት ሥርና ከጅረት አፍ የራቀ መሆኑን አይተን ነው። መንገድ ላይ ትናንሽ ድንጋይ ከወረደ፣ ጥርት ያለው ጅረት ድንገት ቀይ ጭቃ ከሆነ፣ ወይም ዝናቡ እየዘነበ ጅረቱ ከጎደለ፣ ላይ የታገደ ነገር አለ ማለት ነው፤ ዞረን እንመለሳለን። መንገድ የዘጋ ናዳ ሥር ቆመን አንጠብቅም።

በሻይ ማሳው ውስጥ ስንሄድ አልቅት አለ። ሱሪውን ካልሲ ውስጥ ከትቶ ጨው መያዝ ይበቃል። ለቃሚዎቹ ዝናብ ላይም ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ ይቀጥፋሉ። የክረምቱ ቅጠል ግን እንደ ረጠበ ፋብሪካ ስለሚገባ ማጠውለጊያው ላይ ሞቃት አየር ሳይነፋበት አይሆንም፤ ጣዕሙም ከበጋው ይቀላል። ስለዚህ የምልክልዎን ሻይ በጥር እገዛለሁ፣ አሁን አይጠብቁኝ።

ማራዩር ስንደርስ እደውላለሁ፤ ከዚያ በላይ ኔትወርክ ይቆራረጣል። ሙናር የምንገባው በእኛ 8 ሰዓት፣ በእርስዎ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እስከ 9 ሰዓትዎ ድረስ ካልደወልኩ ሆቴሉ ጋ ይደውሉ፤ ስልኩን ለእማማ ሰጥቻታለሁ።

ልጅዎ