ለመንገድ የሚነሣ ይዞታ ከቆጠራ እስከ ርክክብ አንድ ተጠሪ ይኑረው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ መንገድ ግንባታ መጓተት በጋዜጣችሁ የሚወጡ ዘገባዎችን በትኩረት እከታተላለሁ። ከሞላ ጎደል በሁሉም ውስጥ «የወሰን ማስከበር ችግር»፣ ማለትም መንገዱ የሚያልፍበትን መሬት አስለቅቆ ለሥራ የማስረከብ ችግር፣ የሚል ምክንያት ይነበባል፤ አንባቢውም ችግሩን ያመጣው አልነሣም ያለ ባለይዞታ አድርጎ ይረዳዋል። እኔ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች፣ በመንገድ ሥራ ምክንያት የሚነሡ ሰዎችን ንብረት በሚቆጥር ቡድን ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። እልከኛ ባለይዞታ የለም አልልም፤ ነገር ግን እኔ ካየኋቸው መዝገቦች አብዛኞቹ የዘገዩት፣ ንብረቱ ከተቆጠረበት ቀን አንሥቶ መሬቱ ጸድቶ ለሥራ ተቋራጩ እስከሚተላለፍበት ቀን ድረስ ጉዳዩን የሚከታተልና የሚጠየቅበት አንድ ሰው ባለመኖሩ ነው።

ሕጉ በዚህ ረገድ ባዶ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 መንግሥት የግል ንብረትን ለሕዝብ ጥቅም ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ እንዲከፍል ያዛል። አዋጅ ቁጥር 455/1997ን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ተነሺዎች መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱና ስለ ጥቅማቸው ምክክር እንዲደረግ፣ በቋሚነት ለሚነሣ የገጠር ባለይዞታም ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ እንዲከፈለው ደንግጓል፤ በቀድሞው አዋጅ ይህ ስሌት የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። ቅሬታ ያለውም ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚ አካል ማመልከት ይችላል። ድንጋጌዎቹ መልካም ናቸው፤ የሚበላሹት ሜዳ ላይ ነው።

ቆጠራው በቡና ማሳ ውስጥ እንዴት እንደሚካሄድ ልግለጽ። ቀያሹ የመንገዱን መሐል መስመርና የወሰኑን ጠርዝ በችካል ያመለክታል። ቆጣሪዎቹ በዚያ ውስጥ የወደቀውን ቡና እየዞሩ ፍሬ የሚሰጠውን፣ ገና ያልደረሰውን ተክልና ያረጀውን ለይተው ይመዘግባሉ። ይህ መለያየት ቀላል ነገር አይደለም፤ ፍሬ የሚሰጥ ቡና የሚገመተው በምርቱ ሲሆን ያልደረሰው የሚገመተው እስካለበት ደረጃ ለማድረስ በወጣው ወጪ ነው። አንድ ቡና ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ስለሚፈጅ፣ በየትኛው አምድ እንደተጻፈ ለቤተሰቡ ትልቅ ልዩነት አለው። የጥላ ዛፎቹ፣ ሰሳውና ዋንዛው፣ እንዲሁም በጓሮ ያለው እንሰትና ጫት ለብቻቸው ይቆጠራሉ። ቸኩሎ የሚሠራ ቡድን የጥላ ዛፉን «ልዩ ልዩ ዛፍ» ብሎ አንድ ላይ ያጠቃልለዋል፤ በጎማና በማና ወረዳዎች ቡና ያለ ጥላ እንደማይያዝ የሚያውቅ ሰው ግን እንዲህ አያደርግም። ብዙ ጊዜ ቅጹ የሚሞላው በእርሳስ ነው፤ ባለይዞታው ይፈርማል ወይም አሻራውን ያኖራል፤ ቅጹ ወደ ቢሮ ይሄዳል፤ በእጁ የሚቀርለት ወረቀት ግን የለም። ከወራት በኋላ የተተየበ ዝርዝር ሲመጣለት ቁጥሩ ያነሰ ቢመስለው በምን ያመሳክር? ቅሬታውን በ30 ቀን ውስጥ ያቅርብ ብንለውስ ምን ይዞ ይቅረብ?

ከሁሉ የሚከፋው ግን በቆጠራውና በክፍያው መካከል ያለው ጊዜ ነው። የማስለቀቂያ ትእዛዝ ከደረሰ በኋላ በመሬቱ ላይ ለተጨመረ ንብረት ካሣ አይከፈልም። ይህ ድንጋጌ በካሣ ለማትረፍ ሲሉ በአንድ ሌሊት ችግኝ የሚተክሉትንና ጎጆ የሚቀልሱትን ለመከላከል የወጣ ስለሆነ ተገቢነቱን አልክድም። ክፍያው ሲዘገይ ግን ታማኙን ሰው ያስራል። ቤቱ እንደሚነሣ ምልክት ግድግዳው የተቀለመበት አባወራ የሚያፈሰውን ጣራ አይቀይርም፤ ያረጀ ቡናውንም እንደ አዲስ እንዲያቆጠቁጥ ከግንዱ ቆርጦ አይጎነድልም፤ ምክንያቱም የተጎነደለ ቡና ሁለት ዓመት ያህል ፍሬ ሳይሰጥ ስለሚቆይ፣ ነገ ለሚነሣ ሰው ኪሣራ ነው። ነገ የተባለው ግን ሳይመጣ ዓመታት ያልፋሉ። ቤተሰቡ ሳይነሣም ሳይኖርም ይቆያል፤ ማሳው ይዳከማል፤ ቤቱ ይዘማል። በዚህ መካከል የግምቱ ዋጋ ባለበት ይቆማል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት በተሠራ የቤት ግምት ዛሬ ያንኑ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ገዝቶ ያንኑ ቤት መሥራት እንደማይቻል በጅማ ገበያ አንድ ቀን ዞሮ ዋጋ የጠየቀ ሁሉ ይመሰክራል። እንዲህ ያለው ሰው አልነሣም ቢል እምቢተኛ ሊባል አይገባውም፤ ሕገ መንግሥቱ «ተመጣጣኝ» ያለውን ነው የሚጠይቀው።

ታዲያ ለመዘግየቱ ተጠያቂው ማን ነው? የፌዴራል መንገድ ሲሠራ ባለቤቱ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው፤ ማስለቀቁና ንብረት ማስገመቱ የወረዳ ወይም የከተማ አስተዳደር ሥራ ነው፤ ካሣውን መክፈል ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በተደረገው የሕግ ማሻሻያ ወደ ክልሎች ዞሯል። የመብራት ምሰሶ፣ የውኃ መስመርና የቴሌ ገመድ የሚያነሡት ሌሎች ተቋማት ናቸው። እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ሠራሁ ሲል መዝገቡ በመካከል ይወድቃል። ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ ስለ አስፋልቱ ውፍረትና ስለ ገረጋንቲው ጥራት በየጊዜው ሪፖርት ያቀርባል፤ በሪፖርቱ ላይ የወሰን ማስከበር ጉዳይ የሚጠቀሰው ግን ለጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄ ምክንያት እንዲሆን ብቻ ነው። ሥራ ተቋራጩ ማሽኑ ለቆመበት ጊዜ ክፍያ እንደሚጠይቅ፣ ይህም ገንዘብ ከሕዝብ ካዝና እንደሚወጣ እየታወቀ፣ ካሣውን በጊዜው መክፈል እንደ ቁጠባ አለመታየቱ ያሳዝነኛል።

ካሣ ከተከፈለ በኋላም ሥራው አያበቃም፤ በእኔ ግምት ከሁሉ የተዘነጋው ክፍል ይህ ነው። ተከፍሎበት ያልፈረሰ ቤት ሌላ ተከራይ ይገባበታል። የጸዳው የመንገድ ወሰን ለጥቂት ወራት ባዶውን ከቆየ የላስቲክ ቤትና የኮንቴይነር ሱቅ ይቆምበታል፤ ያን ጊዜ ሌላ ቆጠራ፣ ሌላ ክርክር ይጀመራል። ከሚወሰደው መሬት የሚተርፍ፣ ቤት የማያሠራ፣ ለእርሻም የማይበቃ ቁራጭ በማን ስም እንደሚመዘገብ የሚወስን ሳይኖር ለጎረቤት ጠብ መነሻ ይሆናል። ለካምፕ፣ ለተለዋጭ መንገድና ለገረጋንቲ ማውጫ በጊዜያዊነት የተወሰደ ማሳ ደግሞ ለገበሬው ሲመለስ ለም አፈሩ ተመልሶበት፣ ጉድጓዱ ተደፍኖ መሆን አለበት። ከጅማ በአጋሮ መስመርም ሆነ በሰቃ በኩል ሲሄዱ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ውኃ የሚሞሉ የገረጋንቲ ጉድጓዶችን ማየት አያስቸግርም። ከብትም ልጅም ይገባባቸዋል። ርክክቡን የፈረመው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን አይገኝም።

ስለዚህ የሚመለከታቸውን ሁሉ የምጠይቀው እነዚህን ነው። ቆጠራው በተካሄደበት ቀን፣ በዚያው ማሳ ላይ፣ በቀለም የተጻፈ ቅጂ ለባለይዞታው ይሰጠው፤ ባለትዳሮች ከሆኑም ሁለቱ ይፈርሙበት፤ እኛ አካባቢ አብዛኛው ገበሬ የሚያነበው አፋን ኦሮሞ ስለሆነም በዚያው ይጻፍ። ለእያንዳንዱ የመንገድ ፕሮጀክት የይዞታ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ይመደብ፤ ይህ ሰው ከችካሉ እስከ ርክክቡ የእያንዳንዱን መዝገብ ደረጃ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በየወሩ ይለጥፍ፤ ለዘገየውም ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥ። ክፍያው ከግምቱ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ፣ ተነሺው ሳያመለክት ግምቱ በወቅቱ ዋጋ ይታደስ። የግንባታ ውል ሲፈረም ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች የሚያስፈልገው የካሣ ገንዘብ በባንክ ተይዞ መሆኑ ይረጋገጥ። በጊዜያዊነት የተወሰደ መሬትም ባለይዞታው ራሱ አይቶ ሳይፈርም ለሥራ ተቋራጩ የመጨረሻ ክፍያ አይለቀቅ።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ገንዘብ ስለማይጠይቅ ከዚህ ዓመት ጀምሮ ሊሠራበት ይችላል። በጅማ ዙሪያ ቡና የሚለቀመው በዋነኛነት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። የማስረከቢያ ቀን ሲቆረጥ ከዚህ ወቅት በፊት ከሚሆን ከጥር ጀምሮ ቢሆን፣ ገበሬው ዓመት ሙሉ የደከመበትን ፍሬ ለቅሞ ይወጣል፤ ሥራ ተቋራጩም በጋውን ይዞ መሬት ይቆርጣል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከጅማ