ለሂሩት፦ ኮሎኝን በአንድ ቀን

ውድ ሂሩቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ናፍቆትሽ ግን በርትቶብኛል። ከተጻጻፍን ስንት ክረምት አለፈ! ለትምህርት ጀርመን፣ አኸን ከተማ መግባትሽን ስሰማ የተሰማኝን ደስታ በወረቀት ልገልጸው አልችልም። ሥራዬ ሃምቡርግ አስቀርቶኝ አብሬሽ መዞር ባልችልም፣ «ኮሎኝ በአንድ ቀን ይታያል ወይ? ለተማሪ ኪስስ ይከብዳል ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ የማውቀውን ሁሉ እጽፍልሻለሁ።

አንድ ቀን ይበቃል። የሚበቃው ግን ቅደም ተከተሉን ከጠበቅሽ ነው። ጉልበት የሚጠይቀው በጠዋት፣ ፀሐይ የምትፈልጊበት እኩለ ቀን ላይ፣ የራይን ወንዝ ደግሞ ማታ። ብዙ ሰው እንዳመጣለት ይዞርና ከሰዓት በኋላ ደክሞት ከካቴድራሉ ግንብ ደረጃ ሥር ይሰለፋል፤ ፎቶውም ጥላ ብቻ ይሆንበታል።

ከቀኑ ልጀምር። ረቡዕ፣ ሐሙስ ወይም ዓርብ ሂጂ። ሰኞ አብዛኞቹ ሙዚየሞች ዝግ ናቸው። እሑድ ጠዋት ዶሙ (ታላቁ ካቴድራል) ውስጥ ቅዳሴ ስላለ ጎብኚ የሚገባው ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ነው፣ በነሱ አቆጣጠር 13 ሰዓት መሆኑ ነው፤ ሱቆችም እሑድ ዝግ ስለሆኑ ውኃ እንኳ የምታገኚው ባቡር ጣቢያው ውስጥ ነው። ቅዳሜ ይቻላል፣ ግን ሰው ይበዛል። ኖቬምበር 11ን እና ከዐቢይ ጾማቸው በፊት ያለውን የካርኒቫል ሳምንት ፈጽሞ ተዪው። ካርኒቫሉን ለማየት ካልሆነ በቀር በዚያ ሰሞን ባቡሩም መንገዱም በሰው ስለሚጨናነቅ መንቀሳቀስ ይከብዳል።

የሴሜስተር ቲኬትሽ እንደ ዶይችላንድ ቲኬት በመላው አገሪቱ የሚሠራ ከሆነ ለመንገድ አምስት ሳንቲም አታወጪም። የሚያገለግለው ግን በክልል ባቡሮችና በከተማ ትራንስፖርት ብቻ ነው። ከአኸን የሚወስዱሽ ኤር ኤ 1 እና ኤር ኤ 9 የሚባሉት የክልል ባቡሮች ናቸው፤ ጉዞው አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በዚሁ ሐዲድ ኢሴኤ እና ዩሮስታር የሚባሉት ፈጣን ባቡሮችም ያልፋሉ። አንዱ ሲዘገይ ሌላው ቀድሞት እዚያው መድረክ ላይ ስለሚቆም፣ አዲስ የመጣ ተማሪ ሰሌዳውን ሳያነብ ዘሎ ይገባል። ተቆጣጣሪ ካገኘሽ ዝቅተኛው ቅጣት 60 ዩሮ ነው፤ «አላወቅሁም» ማለት አያድንም። ቲኬቱ ያለው ስልክሽ ላይ ስለሆነ ደግሞ ባትሪው ከሞተ ቲኬት እንደሌለሽ ይቆጠራል። ስልክሽን ሞልተሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ካርድሽን ወይም ፓስፖርትሽን ይዘሽ ውጪ። የሐዲድ ጥገና ስለማያልቅ ዋዜማውን ማታ የባቡሩን መተግበሪያ ከፍተሽ ተመልከቺ፤ ባቡር ተሰርዞ በአውቶቡስ ሲተካ መንገዱ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ኮሎኝ ሃውፕትባንሆፍ (ዋናው ባቡር ጣቢያ) ስትደርሺ ሁለት መውጫ አለ። «ዶም» የሚለውን ተከተዪ፤ «ብሬስላወር ፕላትስ» የሚለው ከጀርባ ያወጣሻል። ከዋናው በር ስትወጪ ዶሙ ፊት ለፊትሽ ይቆማል። 157 ሜትር ነው፤ ቀና ብለሽም አትጨርሽውም። ሕንጻው ዙሪያ ነፋሱ ኃይለኛ ስለሆነ ጃንጥላ ይገለብጣል፣ ኮፍያ ያለው የዝናብ ጃኬት ይሻልሻል። ጫማሽ ጠፍጣፋ ይሁን። ትልቅ ሻንጣ ይዞ ዶሙ ውስጥ መግባት አይፈቀድም፤ ትንሽ የጀርባ ቦርሳ ይበቃሻል።

መጀመሪያ ውጪበት የምልሽ ደቡባዊውን ግንብ ነው። የሚከፈተው በኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ክፍያ አለው፣ ለተማሪ ቅናሽ ስላለ መታወቂያሽን አሳዪ። 533 ደረጃ ነው፣ አሳንሰር የለውም። ጠዋት ሂጂ የምልሽ ለአየሩ ብቻ አይደለም። የሚወጣውም የሚወርደውም ሰው በዚያው በአንዱ ጠባብ ጠመዝማዛ ደረጃ ነው የሚያልፈው፤ ረፋድ ላይ ሰው ሲበዛ በየእርምጃው ከግድግዳ እየተለጠፍሽ ማሳለፍ ይሆናል፣ ራስም ያዞራል። መሀል ላይ የደወሎቹን ቤት ታገኛለሽ፣ እዚያ ዕረፊ። ትልቁ ደወል፣ ከተማው «ወፍራሙ ፒተር» የሚለው፣ በ1923 የተሠራ ነው፤ 24 ቶን ይመዝናል፣ አፉ ከሦስት ሜትር በላይ ይሰፋል። የሚደወለው በታላላቅ በዓላት ብቻ ነው። በ2011 ጃንዋሪ 6፣ በራሱ በሦስቱ ነገሥታት (በሰብአ ሰገል) በዓል ሲደወል፣ ምላሱ ተበጥሶ ወድቋል፤ የብረቱን ውፍረት ካየሽ በኋላ ይህ እንዴት እንደሆነ ማሰብ ይከብዳል። ሳትቸኩዪ ወጥተሽ ለመውረድ አንድ ሰዓት ያዢለት። የልብ ወይም የመተንፈሻ ችግር ካለብሽ ግን ተዪው፤ ማታ ላይ ሌላ መፍትሔ አለሽ።

ጫፍ ላይ ስትደርሺ ወደ ደቡብ ተመልከቺ። ርቆ የሚታየው ረጅም ሕንጻ የዶይችላንድፉንክ ሬዲዮ ነው። ከጎኑ የነበረው የዶይቸ ቬለ ግንብ በ2021 በፈንጂ ፈርሷል። ወላጆቻችን አጭር ሞገድ እያስተካከሉ ያዳምጡት የነበረው የጀርመን ድምፅ የአማርኛው ስርጭት በ1965 የጀመረው ከዚህ ከተማ ነው፤ ጣቢያው ወደ ቦን የተዛወረው በ2003 ነው። «ኮሎኝ» የሚለው ስም በየቤታችን የገባው በዚያ ድምፅ ስለሆነ ያንን አቅጣጫ ሳታዪ አትውረጂ።

ከግንቡ ወርደሽ ወደ ውስጥ ግቢ። ለጎብኚ ያለው የመግቢያ ደንብና ዋጋ ስለሚለዋወጥ የዶሙን ድረ ገጽ አስቀድመሽ እዪ። ቀይ ካባ የለበሱ ሰዎች ታያለሽ፤ ሥርዓት አስከባሪዎቹ እነሱ ናቸው። የተዘጋ ክፍል ካጋጠመሽ መቼ እንደሚከፈት እነሱን ጠይቂ፣ በትሕትና ይነግሩሻል። ጸሎት ሲጀመር ዙረት ይቆማል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ስጪው የምልሽ ከዋናው መንበር ጀርባ በመስታወት ውስጥ ከፍ ብሎ የተቀመጠውን የወርቅ ሣጥን ነው። የሰብአ ሰገል ዐፅም ነው ተብሎ የሚታመነው በ1164 ከሚላኖ መጥቶ የተቀመጠው በሱ ውስጥ ነው። ዶሙም የተሠራው ለዚሁ ነው፤ በከተማው ዓርማ ላይ ያሉት ሦስት ዘውዶችም የነሱ ናቸው። ሣጥኑ ከ1190 ገደማ ጀምሮ ለዓመታት የተሠራ ነው፤ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ20፣ ቁመቱ 1 ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን ቅርጹ ቤተ ክርስቲያን ይመስላል። ከሥር ሁለት፣ ከላይ አንድ ሣጥን የተደራረበበት ነው። በጎኑ ከታች ነቢያት፣ ከላይ ሐዋርያት ተቀምጠዋል። ጎብኚ አጠገቡ ስለማይደርስ የስልክሽን ካሜራ አቅርበሽ ፊቱን እዪ። መሀል ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። በግራ ሰብአ ሰገል እጅ መንሻ ይዘው ይመጣሉ፣ ከኋላቸው ዘውድ ያልደፋ አራተኛ ሰው አለ፤ ለሣጥኑ ፊት ወርቁን የሰጠው የጀርመን ንጉሥ ኦቶ 4ኛ ነው፤ ራሱን ከነሱ ተርታ አሠልፎ አሠራ። በቀኝ የጌታ ጥምቀት አለ። ገናና ጥምቀት በአንድ ፊት ላይ ጎን ለጎን! ብዙ አገር ጎብኚ ፎቶ አንስቶ የሚያልፈውን አንቺ ቆመሽ የምታነቢው ነው፤ ከልጅነታችን የምናውቀው ታሪክ ስለሆነ ማንም ሊያስረዳሽ አያስፈልግም። ጃንዋሪ 6፣ በኛ የገና ዋዜማ ቀን፣ የፊቱ ሰሌዳ ይነሳና ዘውድ የደፉት ሦስቱ የራስ ቅሎች ይታያሉ።

ከዚያ በስተ ሰሜን ባለው ጸሎት ቤት የጌሮን መስቀል ፈልጊ። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የሆነው፣ ሰው የሚያህል የእንጨት ስቅለት ነው። ራሱ ወደ ታች ያዘነበለ፣ ሆዱ ያበጠ፣ በእርግጥ የሞተ ሰው ነው የሚታየው።

ሰዓቱ ወደ 6 ሲቃረብ ወደ ደቡቡ ክንፍ ተሻገሪ። እዚያ ያለው ትልቁ መስኮት በጦርነቱ የጠፋውን ተክቶ በ2007 የገባ የሠዓሊ ጌርሃርድ ሪሽተር ሥራ ነው፤ 11,263 አነስተኛ አራት ማዕዘን መስታወቶች በ72 ቀለማት። ሥዕል የለበትም፣ ቅዱስም መልአክም የለበትም። ፀሐይ ከሌለ ተራ ሆኖ ይታይሻል፤ ቅር አይበልሽ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ካለች ግን መስኮቱን ትተሽ ወለሉንና ዓምዶቹን ተመልከቺ፤ ቀለሙ የሚፈሰው እዚያ ላይ ነው።

ስለ ዶሙ ዕድሜ ይህን ልበልሽ፦ መሠረቱ የተጣለው በ1248 ነው፣ ያለቀው በ1880። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሥራው ቆመ፤ የእንጨት ክሬኑ ባላለቀው ግንብ ላይ ለ300 ዓመታት ያህል ተገትሮ ቀረ። በ1842 ሲቀጠል የመካከለኛው ዘመን የፊት ገጽ ንድፍ በሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ በዳርምሽታት ግማሹ በፓሪስ ተገኝቶ ስለነበር በሱ ነው የተጨረሰው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ቦምብ ቢያርፍበትም ቆሞ ተረፈ፤ ዙሪያው ግን ፍርስራሽ ሆነ። ስለዚህ በአሮጌው ከተማ የምታዪአቸው ባለ ቀለም ጠባብ ቤቶች አብዛኞቹ ከጦርነቱ በኋላ የተገነቡ ናቸው። የዶሙ ጥቁረት ከእሳት አይደለም፤ ጭስና አሲድ ያለበት ዝናብ ድንጋዩን ያጠቆረው ነው።

ምሳ ላይ ተጠንቀቂ። የአሮጌው ከተማ ቢራ ቤቶች ምግብ ብዙው አሳማ ነው። «ሂመል ኡን ኤርድ» ብለው የሚያቀርቡት ድንችና ፖም ከላዩ የደም ቋሊማ አለበት። «ሃልበ ሃን» የሚሉት ዶሮ ሳይሆን ዳቦ በአይብ ነው። የድንች ጥብሱ፣ ራይበኩኸን፣ ከፖም ማርማላታ ጋር ጥሩ ነው፤ ግን እንቁላል ስለሚገባበት ለረቡዕና ዓርብ አይሆንሽም። በጾም ቀን ፈላፍል ወይም ከቤት የያዝሽው ይሻላል። ኮልሽ የሚባለውን የከተማውን ቢራ በ0.2 ሊትር ብርጭቆ ነው የሚያቀርቡት። አስተናጋጁ ባለቀ ቁጥር ሳይጠይቅ ይደግምልሻል፣ በብርጭቆው ማስቀመጫ ካርቶን ላይም ጭረት ያስገባል። ሲበቃሽ ካርቶኑን ብርጭቆው ላይ ክደኚው። ይህን የማያውቅ ሰው ሒሳብ ሲመጣ ይደነግጣል። ጥሬ ገንዘብ ያዢ፤ የፕላስቲክ ጠርሙስሽንም አትጣዪ፣ አብዛኛው ባዶውን ስትመልሺ የሚመለስልሽ 25 ሳንቲም መያዣ አለው።

ከምሳ በኋላ ከዶሙ በስተ ምዕራብ በእግር ሩብ ሰዓት ገደማ ሄደሽ ቅዱስ ጌሬዮንን እዪ። ከተማው በመካከለኛው ዘመን በሮማኔስክ የግንባታ ስልት የተሠሩ አሥራ ሁለት ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት አሉት፤ አንድ ብቻ ለማየት ጊዜ ካለሽ ይህን ምረጪ። በ1227 የተፈጸመ ባለ አሥር ማዕዘን ጉልላት አለው፤ ከሮማውያን ዘመን የተረፈው ሞላላ ሕንጻ በግድግዳው ውስጥ ነው ያለው። ጌሬዮን ከግብፅ ቴብስ ከመጣው ጦር እንደነበረ ነው ትውፊቱ የሚለው። መግቢያው ነፃ ነው፣ ቱሪስትም አይበዛበትም። በመንገድሽ ላይ የሮማውያኑ የከተማ ቅጥር ጥግ ግንብ አለ፤ በቀለማት ድንጋይ የተጌጠ ነውና ቆም ብለሽ እዪው። ሙዚየም ከወደድሽ ኮሉምባ አለልሽ፣ በፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ላይ የተሠራ ነው፤ ማክሰኞ ዝግ ነው። ሁሉንም ለማየት ግን አትሞክሪ፣ እግርሽን ለድልድዩ አስቀሪለት።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በሆሄንትሶለርን ድልድይ ተሻገሪ። በ1911 የተመረቀ፣ በ1945 ማርች 6 የጀርመን ጦር ራሱ ያፈረሰው፣ በኋላም የተጠገነ ነው። በደቡብ በኩል ባለው የእግረኛ መንገድ ሂጂ፤ አጥሩ ፍቅረኞች ባንጠለጠሉት ጓጉንቸር ተሸፍኗል፣ ባቡር ሲያልፍም ከእግርሽ ሥር ይንቀጠቀጣል። ማዶ ዶይትስ ነው። ወንዙ ዳር ባለው ሰፊ ደረጃ ላይ ተቀመጪ፤ ዶሙ፣ ታላቁ ቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያንና አሮጌው ከተማ ፊት ለፊትሽ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ከዚህ የሚነሳ ፎቶ ይጠቁራል፤ ፀሐይዋ ከዶሙ ጀርባ ስለሆነች ነው። ጠልቃ መብራቱ እስኪበራ ታገሺ። ግንቡን ያልወጣሽ ከሆነ ደግሞ እዚያው አጠገብ ኮልን ትራያንግል የሚባለው ሕንጻ 103 ሜትር ላይ ማያ አለው፤ በአሳንሰር ይወጣል፣ ክፍያውም ቀላል ነው። በእኔ ግምት ለፎቶ ከግንቡ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ዶሙ ላይ ሆነሽ ዶሙን አታዪውም።

ለመመለስ ድልድዩን እንደገና አትሻገሪ። ኮልን ሜሰ/ዶይትስ ጣቢያ ከትራያንግሉ ሥር ነው፤ ኤር ኤ 1ም ኤር ኤ 9ም ይቆሙበታል። ወደ አኸን የሚሄደው ባቡር ሃውፕትባንሆፍ ከመድረሱ በፊት እዚህ ስለሚቆም መቀመጫ ታገኛለሽ፤ ከአንድ ፌርማታ በኋላ ሕዝቡ ሲገባ አንቺ አርፈሻል።

ቀኑን ስትቆርጪ ጻፊልኝ። ለእናትሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ሁሌም የማትረሳሽ እህትሽ