ልጄን አብራችሁኝ ላቀፋችሁ ሁሉ

ልጄ ቤት ገብታለች። ይህን ስጽፍ እየጮኸች ነው፤ ድምጿ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ተመስገን!

ብዙዎቻችሁ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልትሉኝ ደውላችሁ አላነሳሁም። ያለ ጊዜዋ ነው የመጣችው። ስትወለድ 1.4 ኪሎ ነበረች። እኔ አልጋ ላይ፣ እሷ ማሞቂያ ውስጥ፤ ምን ብዬ ላንሳ? አሁን ግን ሁላችሁንም ማርያም ታኑራችሁ።

የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሲስተሮች፣ ከእናንተ ልጀምር። ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርጋችሁላት ደረቴ ላይ አስተኛችኋት፣ በነጠላዬም አሰራችኋት። ካንጋሮ የምትሉት ይኸው ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1978 ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ማሞቂያ ባነሰበት ሆስፒታል የተጀመረ ዘዴ ነው። የድሃ መላ ነው የሚል ካለ ግን ተሳስቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ያለ ጊዜያቸው ለሚወለዱ ሁሉ መክሮታል፤ ያውም በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት።

እስቲ ሰዓቱን አስቡት። እናት ትበላለች፣ ሽንት ቤት ትሄዳለች፣ ወተት ታልባለች፣ እንቅልፍም ይጥላታል። በአንድ ደረት የሚሆን ነገር አይደለም። «እናትነት የእናት ነው» የሚሉ ሰዎች አንድ ሌሊት እዚያ ክፍል ቢያድሩ ደስ ይለኛል።

ሌሊቱን ባለቤቴ ያዘልኝ። ሸሚዙን ከፍቶ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ሳይል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ፈረቃ የተቀያየራችሁለት የሥራ ባልደረቦቹ፣ ልጄን እናንተም ይዛችኋታል። አማቴ፣ በዚያ ወገብዎ ቁጭ ብለው ያሳለፉትን ከሰዓት አልረሳም። እማዬ፣ አጥሚቱን በፔርሙዝ እየያዝሽ ስትመላለሺ ኖረሻል። የመጠየቂያ ሰዓት ሲያልፍ ዓይቶ እንዳላየ የሚያሳልፍሽ የበሩ ጥበቃም እግዜር ይስጠው።

ደግሞ አንቺ፣ ከገጠር በሪፈር የመጣሽው የአልጋ ጎረቤቴ። ጠያቂ አልነበረሽም፤ እኔን ግን በእጅ ማለብ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ወተቱ ጠብ አልል ብሎኝ ሳለቅስ እየሳቅሽ ነበር፣ ሳቅሽ ደግሞ ደግ ነው። ልጅሽ ከልጄ ቀድሞ ኪሎ ጨመረ። ስልክሽ አይሠራም፤ ይህን የሚያነብልሽ ሰው ካለ ደውይልኝ።

ክርስትናው እንደ ሥርዓቱ በሰማንያ ቀኗ ነው። ከዚያ በፊት የምትመጡ ኑ፣ ገንፎ አለ። እጅ መታጠቢያው በሩ አጠገብ ነው፤ መሳም ግን ለጊዜው ክልክል ነው፣ አማቴም ጭምር።