«ዓለት ላይ» ያለው ትዳር

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ደብረ ብርሃን ውስጥ የሠርግ መጥሪያ የማትምባት ትንሽ ማተሚያ ቤት አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋዜጣችሁን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፤ ዓይኗ ደከም ብሏል። ባለፈው የአንድ አርቲስት ትዳር «ዓለት ላይ ነው» ብላችሁ ጻፋችሁ። እማዬ የመንዝ ሰው ናት። እዚያ ቤት የሚሠራው በድንጋይ ነው። ወንጌሉም ልባም ሰው ቤቱን በዓለት ላይ ሠራ ይላል። «እሰይ! ያጽናላቸው» አለች። ሊፋቱ ነው እኮ ስላት «ታዲያ ምን ሲሉ ዓለት አሉት?» ብላ ተቆጣች። የተቆጣችው እኔን ነው።

አባባሉ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተገለበጠ ነው፤ የእንግሊዝኛው ዓለት ደግሞ የባሕር ነው። መርከብ ሲላተመው ይሰነጠቅና እዚያው ይቀራል። ለደሴት ሕዝብ ነገሩ ግልጽ ነው። እኛ ግን ስንጓዝ የምናየው መርከብ ሳይሆን ጣርማ በርን እያቃሰተ የሚወጣ አይሱዙ ነው። «ትዳራቸው ሊፈርስ ጫፍ ደርሷል» ብትሉ ምን ነበረበት?

«እግሩ ቀዘቀዘ»ም አለላችሁ። ሠርጉ ሲቃረብ የፈራ ሙሽራ ለማለት ነው። እዚህ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጥር ውርጭ፣ እግሩ ያልቀዘቀዘ ሙሽራ እስቲ አሳዩኝ! ሚዜው ሁሉ ካልሲ ደርቦ ነው የሚጨፍረው። «አመነታ» የሚል ቃል እያለን።

ሰዉም ከእናንተ ይማራል። ሰሞኑን አንድ ሙሽራ ከስልኩ ላይ እያነበበ «እህቴ፣ ‹ቋጠሮ ልናስር ነውና› ብለሽ ጻፊልን» አለኝ። እንግሊዞች ማግባትን እንዲህ ይሉታል፤ በነሱ አፍ ያምራል። እኛ ጋ ግን በሠርግ ሰሞን ሙሽራው «ታሰረ» ከተባለ ጠበል ነው የሚወሰደው። ይህንን ቀስ ብዬ ስነግረው እጮኛው ሳቋ አመለጣት።

በእርግጥ የኛም ቢሆን ያው ነው። ሦስት ጉልቻን ቃል በቃል ለእንግሊዝ ብተረጉምለት፣ በድንጋይ ልትፈነክተኝ ነው ብሎ ይሮጣል።

በኋላ «ጎጆ ልንወጣ ነውና» በሚለው ተስማማን። 300 ካርድ አዘዙ። ሙሽራው ግን ጥጉ ላይ የገመድ ቋጠሮ ሥዕል ካልገባ ብሎ ድርቅ አለ። አስገባሁለት። ማታ አንዱን ካርድ ለእማዬ ባሳያት፣ ጠጋ አድርጋ አየችውና «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ የበሬ ማሰሪያ?» አለችኝ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን