ምርጥ የቻይና ምግብ ቤት በስም ዝርዝር አይገኝም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጋዜጦቻችን ስለ ምግብ ቤት ሲጽፉ ብዙ ጊዜ የሚከተሉት አንድ መንገድ ነው፦ የአሥር ቤቶች ስም፣ አድራሻቸው፣ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ የምስጋና መስመር። ለሽሮና ለጥብስ ቤት ይህ ይበቃ ይሆናል። አንባቢው ምግቡን ከእናቱ ጓዳ ጀምሮ ያውቀዋልና ቀምሶ ራሱ ይፈርዳል። ለቻይና ምግብ ግን አይበቃም። ለንግድ፣ ለሕክምና ወይም ለቪዛ ጉዳይ ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው፣ ከዚያም አልፎ ዕቃ ሊያመጣ እስከ ቻይናዋ የንግድ ከተማ ጓንዡ ድረስ የሚዘልቅ ነጋዴ፣ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለይበት ዘዴ ያስፈልገዋል። ስም ደግሞ ቶሎ ያረጃል። የቻይና ምግብ ቤት ጣዕም በዋናው ሼፍ እጅ ነው፤ እሱ ውሉን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ታፔላውም ሜኑውም እንዳለ ሆኖ ምግቡ ይለወጣል። በምግብ ሥራ ላይ ያለን የጎንደር ሰዎች ይህን ደብዳቤ በጋራ የጻፍነው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት አስተናጋጁን «ሼፉ የየት አገር ሰው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቻይና ሰፊ ናት፤ የአንዱ ክፍለ ሀገር ምግብ ለሌላው እንግዳ ነው። ሲቿን የቃሪያና የቅመም አገር ነው፤ በርበሬ የለመደ የጎንደር ሰው ቶሎ የሚስማማው ከዚህ ጋር ነው። አንድ ነገር ግን ቀድሞ ማወቅ ይገባል። ሲቿኖች ኋጂያው የሚሉትን ቅመም ይጠቀማሉ፤ ከሎሚና ከብርቱካን ወገን ነው፣ ምላስንና ከንፈርን ያደነዝዛል። ሳይነገራቸው የቀመሱ ሰዎች ምግቡ የተበላሸ ወይም መድኃኒት የገባበት ይመስላቸዋል። ሁናን ያቃጥላል እንጂ አያደነዝዝም። ጓንግዶንግ ደግሞ አልጫ ነው፦ በእንፋሎት የበሰለ ዓሣ፣ ዝንጅብል፣ ጥቂት ሶይ ሶስ። «ጣዕም የለውም» ተብሎ በስህተት የሚናቀው ይህ ነው፤ ጥራቱ የሚለካው በዓሣውና በአትክልቱ ትኩስነት ስለሆነ ለሼፉ ከሁሉም የሚከብደው ግን እሱ ነው። ወደ ሰሜንና ወደ ሰሜን ምዕራብ ስንዴ፣ የበግ ሥጋና ከሙን ይበዛል። የአራቱንም አገር ምግብ እኩል እንሠራለን ብሎ ሁለት መቶ ዓይነት የሚዘረዝር ሜኑ ያለው ቤት አንዱንም በቅጡ ሲሠራ አይገኝም።

ቀጥሎ የሚታየው እሳቱ ነው። የቤት ጋዝ ምድጃ 3 ወይም 4 ኪሎዋት ሙቀት ይሰጣል፤ ዎክ ለሚባለው ጎድጓዳ የብረት መጥበሻ የሚሠራ የምግብ ቤት ምድጃ ግን ከ20 ኪሎዋት በላይ ነው። ብዙ ጊዜ በአየር መንፊያ ስለሚታገዝ ድምፁ እስከ መመገቢያው ክፍል ይሰማል። ድምፁን ከሰማችሁ ጥሩ ምልክት ነው። ሳህኑ ሲመጣ ሥሩን ተመልከቱ። ከአትክልቱ ሥር ውኃ ከተጠራቀመ ወይ እሳቱ ደካማ ነበር፣ ወይ የአራት ሰው ምግብ በአንድ ዎክ ታጭቋል፤ ብረቱ ሲቀዘቅዝ አትክልቱ ውኃውን ይለቅቃል፣ መጥበሱ ቀርቶ መቀቀል ይሆናል። ሥጋው ከልክ በላይ ሙልጭልጭ ካለና ሳሙና ሳሙና ካለ ደግሞ ሶዳ በዝቶበታል። የእኛ አገር የበሬ ሥጋ ሳይቆይ፣ በታረደበት ዕለት ወይም በማግሥቱ ስለሚሠራ ጠንካራ ነው፤ ማለስለሻውም ለግማሽ ኪሎ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ጥቂት ስታርችና ከሁሉ በላይ የሥጋውን ክር አግድም የሚቆርጥ ቢላ ነው። ቢላ የማይችል ሼፍ ጉድለቱን በሶዳ ይሸፍናል።

አዲስ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የሚታዘዘው ውዱ ዳክዬ ሳይሆን በኮምጣጤ የተጠበሰ የድንች ክር ነው። ቻይናዎች ቱዶ ስ ይሉታል፤ በዋጋ ከርካሾቹ ነው፣ ሼፉንም ሙሉ በሙሉ ያጋልጣል። ድንቹ እንደ ክብሪት እንጨት በእኩል መጠን መቀጠን አለበት። ስታርቹ እስኪለቅ ሁለት ሦስት ጊዜ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል፣ በደንብ ይንጠፈጠፋል፣ በጨሰ ዎክ ላይ ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ይገላበጣል፣ ኮምጣጤው ይገባበታል። ሲበላ ኮርሸም ማለት አለበት። ከተጣበቀ አልታጠበም፤ ከለሰለሰ እሳቱ ዘግይቷል፤ አንዱ ክር ወፍራም ሌላው ቀጭን ከሆነ ቢላው ሰንፏል። በዚህ የወደቀ ቤት በሌላው ያልፋል ብላችሁ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

የተጠበሰ ሩዝም እንዲሁ ይፈትናል። ሩዙ ቀድሞ በስሎ፣ ቶሎ ቀዝቅዞ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያደረ መሆን አለበት፤ ያን ዕለት የበሰለ እርጥብ ሩዝ ይጓጉላል። የበሰለው ሩዝ ሌሊቱን በወጥ ቤት ሙቀት ካደረ ግን የሚያስታውክ መርዝ የሚፈጥር ባክቴሪያ ይራባበታል፣ መርዙም በመጥበስ አይጠፋም። የፎገራ ሩዝ ለመጣበቅ ስለሚቀርበው ለጥብስ ሲሆን ውኃው መቀነስ አለበት።

አንባቢ የማይጠረጥረው ሌላው ምክንያት የቦታው ከፍታ ነው። ጓንዡ በባሕር ጠለል አቅራቢያ ስለሆነች ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ በ92 ዲግሪ አካባቢ፣ በጎንደር ደግሞ በ93 ገደማ ይፈላል። ከጓንዡ የመጣ ሼፍ በለመደው ሰዓት ካበሰለ ሩዙ መሐሉ ጥሬ ይሆናል፣ ዱምፕሊንግ የሚባለው በሊጥ የተጠቀለለ ሙሌት ውስጡ አይበስልም፣ በእንፋሎት የሚሠራው ዓሣ አጥንቱ አጠገብ ቀይ ሆኖ ይቀራል። የዘይት ጥብስ እምብዛም አይነካውም። ስለዚህ ነገሩ የገባው ሼፍ ሩዙን በግፊት ድስት ያበስላል፣ የእንፋሎቱንም ደቂቃ ይጨምራል። ሆት ፖት ላይ ስትቀመጡ፣ ማለትም ገበታው ላይ በሚፈላ መረቅ ውስጥ ምግቡን ራሳችሁ ስታበስሉ፣ ጥንቃቄው የእናንተ ነው። ጓንዡ ውስጥ ስስ የበሬ ሥጋ በ15 ሰከንድ ይወጣል፤ አዲስ አበባ ላይ ሥጋውን ከትታችሁ መረቁ እንደገና እስኪፈላ ጠብቁ፣ ከዚያ ሌላ ግማሽ ደቂቃ ጨምሩ። ዶሮና የሥጋ ድብልብል አሥር ደቂቃ ያህል ይቆይ። ጥሬ ሥጋ የነካ ቾፕስቲክ ወደ አፍ አይግባ፤ ሁለት ጥንድ ጠይቁ።

ለእኛ አካባቢ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ጾምና የሥጋው ዓይነት ነው፣ በጋዜጣ ዝርዝሮች ላይ ግን አንድም ቀን አናየውም። በቻይና ሜኑ ላይ የእንስሳው ስም ሳይጠቀስ «ሮው» ብቻ ከተባለ የአሳማ ሥጋ ማለት ነው። የበሬ «ኒው ሮው»፣ የበግና የፍየል «ያንግ ሮው» ተብሎ ለይቶ ይጻፋል። ዱምፕሊንግ ካልተነገራችሁ በቀር አሳማ ነው ብላችሁ ያዙ። አሳማውን ተዉልን ብቻ ማለትም አይበቃም፤ ዎኩ ታጥቧል ወይ፣ መጥበሻው ዘይት ነው ወይስ የአሳማ ሞራ፣ ብላችሁ ጠይቁ። ማን አረደው የሚለው ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ጥያቄ ስለሆነ ሥጋው ከየት እንደሚገዛ መጠየቅ ነውር የለውም። የማይመልስላችሁ ቤት ካለ አትክልት አዝዛችሁ ውጡ።

በጾም ቀን «አትክልት ነው» መባሉ ዋስትና አይሆንም። የተጠበሰ ጎመን ላይ የዶሮ ዱቄት ቅመም ወይም ኦይስተር ሶስ (ከዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳ የሚሠራ) መጨመር የተለመደ ነው፤ ቶፉ ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ ቢሆንም ማፖ ቶፉ የሚባለው የሲቿን ምግብ የተፈጨ ሥጋ አለው፤ የሲቿን ቀይ ሆት ፖት ዘይት በባህሉ የበሬ ሞራ ነው፤ ጥሩ ኑድል በእንቁላል ሊቦካ ይችላል። ስለዚህ ትእዛዙ በዝርዝር ይነገር፦ ሥጋ የለም፣ የሥጋ መረቅ የለም፣ የዶሮ ዱቄት የለም፣ ኦይስተር የለም፣ እንቁላል የለም፣ በአትክልት ዘይት ብቻ። ሆት ፖቱን የእንጉዳይ መረቅ በሉት። የቡድሂስት የአትክልት ምግብ ቤት የተገኘ እንደሆነ ለሁዳዴ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ እዚያም ግን አንዳንዱ ወተትና እንቁላል ስለሚጠቀም እሱን ብቻ ጠይቁ። ቶፉ፣ የድንች ክር፣ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ቅጠል፣ በኮምጣጤ የተለወሰ ቀዝቃዛ ኪያርና ነጭ ሩዝ ለአራት ጾመኛ የተሟላ ገበታ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ቤቶቹ በብዛት ያሉት ቦሌ አካባቢ ነው፤ ብዙ ቻይናውያን የሚሠሩበትን የዱከሙን የኢንዱስትሪ ዞን ዙሪያም አትርሱ። ቻይናውያን በጊዜ ይበላሉ፤ ምሳ 6 ሰዓት፣ እራት ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ገደማ። በዚያ ሰዓት ሄዳችሁ ገበታዎቹን ተመልከቱ። ቻይናውያን መኖራቸው ብቻ አይበቃም፤ ምን አዝዘዋል? ከየገበታው አንድ ዓይነት ሳህን ከተደጋገመ የቤቱ ጌጥ እሱ ነው፤ እሱን ጠቁማችሁ እዘዙ። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የመጣ ሰው የተዳከመ ወጥ ቤት ያገኛል። ምግቡ የሚታዘዘው ለገበታው በጋራ ነው፤ ለአራት ሰው አምስት ሳህን፦ አንድ ቀዝቃዛ፣ አንድ ቅጠል፣ አንድ ጥብስ፣ አንድ በእንፋሎት ወይም በመረቅ የበሰለ፣ አንድ ሾርባ። አምስቱንም ጣፋጭ ሶስ የተደፋበት ጥብስ ያዘዘ ሰው ሁለተኛው ሳህን ላይ ይሰለቸዋል።

ጓንዡ ለሚሄዱት ደግሞ። ብዙ አፍሪካውያን ነጋዴዎች የሚያርፉበት ሻውበይ ሰፈር የአገር ቤትና የአረብ ምግብ ይገኝበታል፤ የከተማዋ ጌጥ ግን የጠዋት ሻይ ነው። በትናንሽ የቀርከሃ ሳጥን በእንፋሎት የበሰሉ ሽሪምፖች፣ ቂጣዎችና ጥቅልሎች በሻይ ይበላሉ፤ እዚህም አሳማ በብዙው ውስጥ ስላለ አንድ በአንድ ጠይቁ። ዓሣ ከነሕይወቱ ከገንዳ ሲመረጥ የተለጠፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ ለአንድ ጂን ነው፣ ጂን ደግሞ ግማሽ ኪሎ ነው። ይህን ሳያውቅ በኪሎ ያሰላ ሰው ሒሳቡ እጥፍ ሆኖ ይመጣበታል፤ ዓሣው ፊታችሁ ይመዘን። ለሙስሊም መንገደኛ «ቺንግዠን» (ሐላል ማለት ነው) የሚል ታፔላ ያላቸው፣ በሰሜን ምዕራብ ቻይናዋ ከተማ በላንዡ ስም የሚጠሩ የኑድል ቤቶች ሞልተዋል፤ በጥንታዊው የሁዋይሼንግ መስጊድ አካባቢም ይፈልጉ። ጥሩ የላንዡ ጎድጓዳ መረቁ ጥርት ያለ፣ ነጭ ፍጁል፣ ቀይ የቃሪያ ዘይት፣ አረንጓዴ ቅጠልና ቢጫ ኑድል ያለበት ነው፤ ሊጡ ከታዘዘ በኋላ በእጅ ይጎተታል፣ ውፍረቱንም እናንተ ትመርጣላችሁ። ቻይናውያን ቤት የሚመርጡበት ዲያንፒንግ የተባለ መተግበሪያ ላይ ኮከቡን ብዙ አትመኑ፤ ነጻ ሳህን እየሰጡ ኮከብ የሚለምኑ ቤቶች አሉ። ተመጋቢዎች ያነሱትን ፎቶና ለአንድ ሰው በአማካይ የሚወጣውን ዋጋ ተመልከቱ።

አዘጋጆቹን የምንለምነው ይህን ነው። ወደፊት ስለ ቻይና ምግብ ቤት ስትጽፉ ከስሙ ጋር እነዚህን አትሙልን፦ ሼፉ የየትኛው ክፍለ ሀገር ሰው እንደሆነ፣ ዘይቱ ምን እንደሆነ፣ አሳማ በተለየ ዎክ ይሠራ እንደሆነ፣ በጾም ምን እንደሚገኝ፣ ወጥ ቤቱ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ የተጎበኘበትን ወር። በሜኑው ላይ ያለው ዋጋ 15 በመቶ ቫትንና ሰርቪስ ቻርጅን ያካትት እንደሆነም ጻፉ፤ ከክፍለ ሀገር በልኩ ገንዘብ ይዞ የመጣ ሰው ሒሳብ ሲመጣ ማፈር የለበትም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የምግብ ዝግጅት ባለሙያዎች፣ ጎንደር