ፕሉቶ ከፕላኔትነት የወጣችው በትንሽነቷ አይደለም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ስለ ፕሉቶ በተጻፈ ቁጥር አንድ ስህተት ስለሚደጋገም ነው ይህን የምጽፈው። «ትንሽ ስለሆነች ተሰረዘች» ይባላል። እንደሱ አይደለም! በትንሽነት ቢሆን ሜርኩሪም ያሰጋት ነበር፤ የጁፒተር ጨረቃ ጋኒሜድ በስፋት ትበልጣታለችና።

ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ፕራግ ላይ ተሰብስቦ ሦስት መስፈርት አወጣ። ፀሐይን መዞር፣ በራስ ስበት መድቦልቦል፣ የምህዋርን አካባቢ ከሌሎች አካላት ማጽዳት። ፕሉቶ ሁለቱን ታሟላለች። የወደቀችው በሦስተኛው ነው። የምትዞረው ከኔፕቱን ወዲያ ባለው የካይፐር ቀበቶ፣ በበረዷማ አካላት መንጋ መሃል ሲሆን፣ መንጋውን ጠርጋ መንገዱን የግሏ ማድረግ ቀርቶ የራሷም ዙር በኔፕቱን ስበት የተያዘ ነው፤ ኔፕቱን ፀሐይን ሦስቴ ስትዞር እሷ ሁለቴ ትዞራለች።

ነገሩን ያፋጠነችው ደግሞ ከኔፕቱን ወዲያ ያለችው በረዷማ አካል፣ ኤሪስ ናት። በ2005 መገኘቷ ይፋ ሆነ። በስፋት ከፕሉቶ ትንሽ ብታንስም በክብደት ከሩብ በላይ ትበልጣታለች። ታዲያ አንዷን ፕላኔት ብሎ ሌላዋን መተው እንዴት ይሆናል? በማርስና በጁፒተር መካከል ባለችው በሴሬስም የደረሰው ይኸው ነው፤ በ1801 ተገኝታ ለዓመታት ፕላኔት ስትባል ቆየች፣ ጎረቤቶቿ እየበዙ ሲመጡ ግን ከአስትሮይዶች ተመደበች። ዛሬ እንደ ፕሉቶ ድንክ ፕላኔት ናት፤ ማለትም ሁለቱን መስፈርት አሟልታ በሦስተኛው የወደቀች።

እኔን ከሦስተኛው ይልቅ የሚከነክነኝ ሁለተኛው መስፈርት፣ መድቦልቦሉ ነው። ከኔፕቱን ወዲያ ያለችውን ሃውሜያን ተመልከቱ። በራሷ ዛቢያ የምትሽከረከረው በአራት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ተለጥጣ እንቁላል መስላለች፣ ግን የድንክ ፕላኔቶች ዝርዝር ውስጥ አለች። እዚያው ከኔፕቱን ወዲያ ያሉት ኳዋርና ጎንግጎንግ ግን የሉም። ብዙ ተመራማሪዎች ይገባቸዋል ይላሉ፣ ነገር ግን ያን ያህል ርቀት ላይ ያለን አካል ቅርጽ በትክክል መለካት በጣም ከባድ ነው። ለዚህም ይመስለኛል የኅብረቱ ዝርዝር ከ2008 ጀምሮ አምስት ላይ የቆመው፦ ሴሬስ፣ ፕሉቶ፣ ኤሪስ፣ ሃውሜያ፣ ማኬማኬ።

«ተባረረች» የሚለውም አይመቸኝም፤ ምድቧ ቢለወጥም ፕሉቶ ያው ፕሉቶ ናት። በ2015 ኒው ሆራይዘንስ የተባለው መንኮራኩር በአጠገቧ ሲያልፍ ያየነው ከውሃ በረዶ የተሠሩ ግዙፍ ተራሮችንና ቀስ እያለ የሚገላበጥ የናይትሮጅን በረዶ ሜዳን ነው። እና እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ፕሉቶን ብቻዋን ከማሳየት የካይፐር ቀበቶን ሥዕል አብራችሁ አውጡ፤ አንባቢው ሦስተኛውን መስፈርት ያኔ በዓይኑ ያየዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ