ዶግውዱን ከላይ አታስከርክሚው፤ ለልጄ የተጻፈ ደብዳቤ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ወንድምሽ ትናንት በስልክ እንዳጫወተን፣ በሚኒሶታ፣ በሴንት ፖሉ ቤታችን ደጃፍ ያሉትን ቀያይ ዶግውዶች፣ እነዚያን ቀንበጣቸው የሚቀላ ቁጥቋጦዎች፣ ሣር የሚያጭደው ሰውዬ በማሽን ከርክሞ እንደ አጥር እንዲያስተካክላቸው ልታዢው ነው። ነገሩ እንቅልፍ ስለነሳኝ የእሑዱን ስልክ ሳልጠብቅ ልጽፍልሽ ተቀመጥሁ። እባክሽ ልጄ፣ ከላይ አታስከርክሚያቸው።

ለምን እንዳስጠሉሽ ይገባኛል። በተላከልን ፎቶ ላይ መስኮቱን ሊጋርዱ ደርሰዋል፤ እናትሽ በበረዶው ወራት እያየች ትጽናናበት የነበረው ቀይ ቀለምም ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ ቀርቷል። ይህ በሽታ ሳይሆን እርጅና ነው። ደማቁ ቅላት የሚታየው በአንድና በሁለት ዓመት ቀንበጥ ላይ ነው፤ ግንዱ ዕድሜ ሲጨምር ቅርፊቱ እየሻከረ ወደ ቡናማነት ይለወጣል። ማሽኑ ላዩን ብቻ ቢመለምለው አሮጌው ግንድ ከሥር እንዳለ ይቀራል፣ ጫፉ ላይ ቀጫጭን ጭራሮ ይበዛል፣ ውስጡም ብርሃንና አየር ስለሚያጣ ቅጠሉን በነጠብጣብ የሚያበላሸው ፈንገስ ይጸናበታል።

መድኃኒቱ ከሥር መቁረጥ ነው። በመጋቢት አጋማሽ፣ በእናንተ አቆጣጠር በማርች መጨረሻ ገደማ፣ ቅጠል ከመፈንዳቱ በፊት፣ ከየቁጥቋጦው ያረጁትንና የወፈሩትን ግንዶች መርጠሽ ከመሬት አስጠግተሽ ቁረጪ፤ ነገር ግን በአንድ ዓመት ከሲሶው በላይ አትንኪ። አበባው የሚወጣው ባለፈው ዓመት እንጨት ላይ ስለሆነ፣ የተረፉት ግንዶች በግንቦትና በሰኔ ነጭ አበባቸውን፣ ቀጥሎም ወፎች የሚለቅሙትን ነጭ ፍሬ ይሰጡሻል። በየዓመቱ እንዲህ ካደረግሽ በሦስት ዓመት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይታደሳል።

ግንዱን ስትጥዪ እጅሽ እንዳይፈራ አንድ ነገር ልንገርሽ። አባቴ በሊሙ ያረጀ ቡናውን የጎነደለ ጊዜ እኔ ገና ልጅ ነበርሁ። ለቀማው አልቆ ምድር በደረቀበት ወር መጋዙን ይዞ ገባና ያን ሁሉ ግንድ ክንድ በማይሞላ ጉቶ ላይ እየጣለ ወጣ፤ የዝናብ ውሃ እንዳያርፍበትም አቆራረጡን ሰያፍ ያደርገው ነበር። እናቴ ማሳው ዳር ቆማ አለቀሰች፤ ጎረቤትም ልጆቹን ምን ሊያበላ ነው ብሎ አማው። በተከታዩ ዓመት ከዚያ ማሳ ቡና አልለቀምንም፤ እናቴ ጌሾና እንቁላል ገበያ እያወጣች አኖረችን። አባቴ ግን ጠዋት ጠዋት ከየጉቶው ከሚያቆጠቁጡት ቀንበጦች ጠንካሮቹን ሁለት ሦስቱን እያስቀረ ሌላውን በጣቱ ይቀነጥስ ነበር። ኋላ ቅርንጫፉ በፍሬ ሲጎብጥ አይቻለሁ፤ ጂማ ትምህርት ቤት የገባሁትም በዚያ ቡና ነው። አያትሽ አንቺን ሳያይ ማለፉ ዛሬም ያንገበግበኛል። የመጋዝ አያያዝን ከእሱ እጅ ብታዪ ኖሮ የእኔ ጽሑፍ ባላስፈለገሽ ነበር።

ስለዚህ ደግሜ እነግርሻለሁ፤ ከላይ አታስከርክሚው። ለሰውዬው በቃል ነግረሽው ወደ ሥራ አትሂጂ፤ የሚቆረጡትን ግንዶች አስቀድመሽ በነጭ ክር እሰሪና እሱ ሲመጣ ቤት ሁኚ። መቀሱና ትንሹ መጋዝ ጋራዥ ውስጥ ከበረዶ አካፋው ጀርባ ተሰቅለዋል፤ ከአንዱ ቁጥቋጦ ወደ ሌላው ስትሻገሩ ስለቱን በአልኮል ጥረጉት።

ስለ ብርዱ አትጨነቂ። ዶግውድ በሚኒሶታ ረግረግና ወንዝ ዳር በገዛ እጁ የሚበቅል የአገሩ ተክል ነው፤ የእኛ ካርዲናል የተባለው ዝርያም በዚያው በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመርጦ የወጣ ነው። የሚጎዳው ጥማት ነው፤ በድርቅ የተዳከመ ግንድ ቅርፊቱ እየቆሰለ ይደርቃል። በጁላይና በኦገስት ዝናብ ከጠፋ በሳምንት አንድ ቀን ሥሩን በደንብ አጠጪው፣ ቅጠሉን ግን አታርሺው። የእንጨት ፍቅፋቂ ጉዝጓዝ ጨምሪበት፤ ግንዱ ላይ ግን አትከምሪው። ጥንቸሎቹ አዲሱን ቀንበጥ ስለሚግጡት በረዶ ከመጣሉ በፊት የዶሮ ሽቦ አዙሪበት፤ በረዶው ሲቆለል መረማመጃ እንዳይሆናቸው ሽቦው ከፍ ይበል።

ለአክስትሽ ችግኝ ቃል ስለገባሁላት፣ ከአምና ቀንበጦች እርሳስ የሚወፍሩትን መርጠሽ 20 ወይም 25 ሴንቲ ሜትር አድርገሽ ቁረጪና ሁለት ሦስተኛቸውን እርጥብ አፈር ውስጥ ትከዪ፤ ሥር ያወጣሉ። ላይና ታቹ እንዳይምታታብሽ የታችኛውን ጫፍ ሰያፍ፣ የላዩን ቀጥ አድርገሽ ቁረጪው። ለሰውዬው ግን ዛሬውኑ ደውይለትና ማሽኑን ይዞ እንዳይመጣ ንገሪው።

አባትሽ